ወደ ማሽኑ የማይገቡት

ኦላውግና ሲቨርት እህትና ወንድም ናቸው። ሁለቱም ትዳር ሳይዙ፣ በተወለዱበት ቤት፣ በአንድ ጣራ ሥር ሰማንያን ሊደፍኑ ምንም አልቀራቸውም። ቤቱ ምዕራብ ኖርዌይ ውስጥ፣ ባሕሩ በተራሮች መካከል እንደ ክንድ ገብቶ በሚያልቅበት ሥፍራ ነው። ከጥቅምት ማለቂያ እስከ የካቲት ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ስለምትውል ጓሯቸው ብርሃን አያገኝም። ጎረቤት የሚባለውም ከዓመት ዓመት እየሳሳ ሄዶ፣ አሁን በመንገዱ ላይ ማታ መብራት የሚታየው በሦስት ቤት ብቻ ነው።

እሷ ፋብሪካው እስኪዘጋ ድረስ ዓሣ ስትበልት የኖረች ሴት ናት። እሱ እንጨት ጠራቢ ነው። ማንኪያ፣ ጭልፋ፣ የገንፎ ሳህን፣ የቂጣ መዳመጫ፣ የቢላ እጀታ፤ በርች ከሚባለው ዛፍ እንጨት ያልሠራው የማዕድ ቤት ዕቃ የለም። በየበጋው ለበዓል ገበያ ያወጣው ነበር። ሰው ያነሳል፣ ያሸታል፣ "እንዴት ያምራል" ይላል፣ መልሶ ያስቀምጣል። ያልተሸጠው ወደ ቤት ይመለሳል። በዚህ ሁኔታ ማዕድ ቤታቸው በሲቨርት እጅ ሥራ ሞልቶ ነበር።

እርጅናው ሲመጣ ሕመሙን ተከፋፈሉት። የኦላውግን ጣቶች የመገጣጠሚያ በሽታ አጣመመና ማጭድ አስመሰላቸው። የሲቨርትን ዓይን ደግሞ ከመሃሉ ጀምሮ ጭጋግ በላው፤ ዳር ዳሩን ያያል እንጂ ፊት ለፊቱ የቆመውን ሰው አይለይም። እንዲያም ሆኖ ዕቃ ማጠብ አላቃታቸውም። እሱ ቧንቧው ፊት ቆሞ ያጥባል፣ እሷ ከጎኑ ቆማ ታይለታለች።

"ጠርዙ ላይ ቀርቷል። የእንቁላል ነው።"

"የቱ ጋ?"

"በአውራ ጣትህ በኩል። አይ፣ አለፍከው። ተመለስ። እህ፣ እዚያው ጋ።"

"አንቺ ሴትዮ፣ መርከብ ነው እንዴ የምትነጂው?"

"መርከብ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ድንጋይ ላይ ወጥተን ነበር።"

ሁለት ዓመት እንዲህ ኖሩ። ከቀኑ ሁሉ ኦላውግ የምትወደው ይህንን ሰዓት ነበር፤ ለእሱ ግን አንድም ቀን ነግራው አታውቅም።

ነሐሴ ላይ ሲቨርት እንጨት የሚጠርብበት ቤት ደጃፍ ላይ ወደቀ። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ረግቶ ነው አሉ። ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ተኝቶ ሲመለስ ግራ እጁ እንደ ባዶ እጅጌ ተንጠልጥሎ፣ ግራ እግሩን እየጎተተ ነበር። በአንድ እጅ ሳህን ይዞ በዚያው እጅ ማጠብ የሚችል ሰው የለም። ሞከረ፤ ሁለት ሳህን ሰበረና ተወው።

መስከረም ላይ ከማዘጋጃ ቤቱ የእንክብካቤ ክፍል ቱሪድ የምትባል ሴት መጣች። ድምፀ ለስላሳ፣ ደግ ሴት ነች፤ ክፉ ብትሆን ለኦላውግ ይቀላት ነበር። ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጣ ነገሩን አስረዳቻቸው። በቀን ሁለቴ ረዳት ትመጣለች፣ ጠዋትና ከሰዓት፣ ሃያ ሃያ ደቂቃ። ሲቨርትን ታለብሳለች፣ መድኃኒቱን ትሰጣለች፣ ምግብ ታሞቃለች፣ ዕቃውን ታነሳለች።

"ዕቃ በእጅ ማጠብ ግን በደቂቃው ውስጥ የለም" አለች። "የዕቃ ማጠቢያ ማሽን እናስገባላችኋለን። ረዳቷ ማሽኑ ውስጥ ትከታለች፣ ቁልፉን ትጫናለች፣ ትሄዳለች።"

"እሺ" አለች ኦላውግ።

"አንድ ነገር ደግሞ አለ። ረዳቶቹ ይቀያየራሉ። የትኛው ዕቃ በማሽን እንደሚታጠብ፣ የትኛው እንደማይታጠብ ሁሉም ሊያስታውሱላችሁ አይችሉም። ስለዚህ ማዕድ ቤት የተገኘ ሁሉ ማሽን ይገባል። ማሽኑ የሚያበላሸው ነገር ካለ አስቀድማችሁ አውጡት። ኋላ ቢሰበር ቢሰነጠቅ እኛ ተጠያቂ አንሆንም።"

ሲቨርት በመስኮቱ በኩል እንደተቀመጠ፣ "እኔስ ማዕድ ቤት ብገኝ?" አለ።

ቱሪድ ሳቀች። ኦላውግ አልሳቀችም።

ማሽኑ በሳምንቱ መጣ። ነጭ ነው፤ በቧንቧው ሥር የነበረውን መደርደሪያ አንስተው እዚያ ቀበሩት። ቱሪድ የማይገቡትን ዕቃዎች በወረቀት ጽፋ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፋ ሄደች። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ረዳት ሩታ ትባላለች፤ ከሊቱዌኒያ የመጣች፣ ልጆቿን አሳድጋ የጨረሰች፣ ወገበ ጠንካራ ሴት። የኦላውግን ጣቶች አየችና፣ "ቅዳሜ ዕረፍቴ ነው፤ እመጣለሁ። ብቻችሁን አትችሉትም" አለች። ቅዳሜ ከቁርስ በኋላ፣ ሁለት ትልልቅ ካርቶን በብብቷ ይዛ መጣች።

ሥራው እንዲህ ሆነ፦ ሩታ ከመደርደሪያው ታወርዳለች፣ ኦላውግ ወረቀቱን አይታ ትወስናለች፣ ሲቨርት በቀኝ እጁ ጣት ኳ አድርጎ ዕቃውን ከነታሪኩ ይናገራል።

"ይኼ አሉሚኒየም ነው። የዓሣው ድስት።"

"ማሽኑ ያጠቁረዋል ይላል" አለች ኦላውግ ወረቀቱን እያየች። "ካርቶን።"

"እናታችን የኅዳር ዓሣ የምትቀቅልበት እኮ ነው።"

"እናታችን ከሞተች አርባ ዓመቷ ነው ሲቨርት።"

"ድስቱ አልሞተማ!"

"ካርቶን" አለች ሩታን ዓይን ዓይኗን እያየች።

የወርቅ ቅብ ጠርዝ ያላቸው ስድስት ስኒዎች ካርቶን ገቡ፤ ማሽኑ ወርቁን አጥቦ ያነሳዋል። ቢላዎቹ ገቡ፤ የእጀታቸው ማጣበቂያ ይለቃል። የአባታቸው የብር ማንኪያ ገባ። የሸክላው ጎድጓዳ ሳህን ላይ ሦስቱም ተከራከሩ። ሩታ፣ "ጠንካራ ነው፣ ምንም አይሆን" አለች፤ ኦላውግ ከታች ያለውን ስንጥቅ አሳየቻት፤ ሲቨርት፣ "የሰነጠቅሽው አንቺ ነሽ፣ ሰባ አራት ዓመተ ምሕረት ላይ፣ ያ የመምህሩ ልጅ ለጋብቻ ሊጠይቅሽ የመጣ ዕለት። ደንግጠሽ ጣልሽው" አለ።

"አልደነገጥኩም።"

"ሳህኑ ምን ሆኖ ወደቀ ታዲያ? እሱም ሰውየውን አይቶ ነው?"

ኦላውግ ሳታስበው ሳቀች። ሩታም ሳቀች። ያ ሳቅ ለአፍታ ማዕድ ቤቱን አሞቀው። ሳህኑ ግን ካርቶን ገባ።

ረፋዱ ላይ የቀረው እንጨቱ ብቻ ሆነ።

ሩታ አንድ በአንድ እያወረደች ጠረጴዛው ላይ ደረደረችው። ጠረጴዛው አልበቃ ብሎ ወንበር ላይ፣ ከዚያም ወለሉ ላይ አስቀመጠች። ወረቀቱ ላይ ከሁሉ በፊት የተጻፈው "እንጨት" የሚለው ነው፤ ሲቨርት ማንበብ ባይችልም ቱሪድ ስትናገር ሰምቷል። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የዚያን ቀኑ ዝምታ ግን ኦላውግን አነቀዛት።

"ሰገነት ላይ እናስቀምጠዋለን" አለች። "ደረቅ ነው፣ አይበላሽም።"

"ማን ወጥቶ ያየዋል?" አለ ሲቨርት።

"ባይታይስ? አለ አይደል?"

"የእኔ ሳህን የሚታይ አይደለም። የሚበላበት ነው።" እጁን ዘረጋ። "የገንፎውን ስጪኝ።"

የገንፎው ሳህን ከሁሉ የሚበልጥበት ነበር። በበርች ዛፍ ግንድ ላይ ካበጠ ዕጢ የፈለፈለው፣ ጥለቱ እንደ ውኃ እየተጥመለመለ የሚዞር፣ በተልባ ዘይት ሲያጠጣው ከርሞ እንደ ማር የቀላ ሳህን ነው። በዓል በመጣ ቁጥር መሃሉ ቅቤ የቀለጠበት ገንፎ የሚቀርብበት እሱ ነው። ሲቨርት ጭኑ ላይ አድርጎ በመዳፉ ዳበሰው።

"አስገቢው" አለ።

"የት?"

"ማሽኑ ውስጥ።"

"እንዴ! ይሰነጠቃል" አለች ሩታ።

"ሃምሳ ዓመት ሙሉ ፈልቶ የወረደ ገንፎ ሲደፋበት ኖሯል። ውኃ ካልቻለ ሳህን አይደለም፣ ጌጥ ነው። ጌጥ ደግሞ ሠርቼ አላውቅም።"

"ሲቨርት፣ ተው" አለች ኦላውግ።

"አንቺ ስትወስኚ ውለሻል። አንዱን እንኳ እኔ ልወስን።"

እምቢ ብትል ኖሮ በግድ አያስገባውም ነበር፤ ዓይን የለው፣ እጅ የለው። እንዲያ ባለ ሰው ላይ እምቢ ማለት ነውር መሰላት። ደግሞም፣ ኋላ ራሷን ስትመረምር እንደደረሰችበት፣ ይችል ይሆናል የሚል የሞኝ ተስፋ ሽው ብሎባት ነበር። ለሩታ በጭንቅላቷ ምልክት ሰጠቻት። ሩታ ሳህኑን ላይኛው መደርደሪያ ላይ በጥንቃቄ ደፋችውና አነስተኛውን ሙቀት መርጣ ቁልፉን ተጫነች።

ሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ይፈጃል አለች። ሩታ ካርቶኖቹን ወደ ሰገነቱ እያመላለሰች ቆየች። ኦላውግ ድንች ለመላጥ ሞክራ ተወችው። ሲቨርት ወንበሩን ወደ ማሽኑ አስጠግቶ፣ ጆሮውን ሰጥቶ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ውኃው ሲንሻሻ፣ ሲቆም፣ እንደገና ሲገላበጥ ይሰማል።

በሩ ሲከፈት እንፋሎቱ የሩታን መነጽር ሸፈነው። ጠርጋ ሳህኑን አወጣችና ለኦላውግ ሰጠቻት።

የማር መልኩ ሄዷል። ሳህኑ እንደ አሮጌ አጥር እንጨት አመድማ ሆኖ፣ የእንጨቱ ቃጫ ቆሞ እንደ ያልተላጨ ጉንጭ ሻክሯል። ከጠርዙ እስከ ቂጡ ድረስ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ወርዶበታል። ኦላውግ ቆማ ቀረች። ዓይን ከሌለው ወንድሟ ልትደብቀው ትችላለች? "ደህና ወጣ፣ አልጋህ አጠገብ አስቀምጥልሃለሁ" ብላ ልትሸሽገው አሰበች። ግን እሱ እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል፤ የተዘረጋ እጅ ደግሞ አይዋሽም። ሰጠችው።

አውራ ጣቱ ጠርዙን ተከትሎ ዞረ። ስንጥቁ ላይ ሲደርስ ቆመ። ወደ ታች ወረደ፣ እስከ መጨረሻው፣ ከዚያ ተመልሶ ወጣ።

"በቃ" አለ።

"ሲቨርት…"

"በቃ አልኩሽ። ሁሉንም ውሰዱት።"

"ማንኪያህን እንኳ ላስቀር?"

"ሁሉንም!"

ሩታ ወደ ሰገነቱ ስትመላለስ ከሰዓቱ አለቀ። የተሰነጠቀውን ሳህን ምን ላድርገው ብላ በዓይኗ ጠየቀች፤ ኦላውግ በዓይኗ ምድጃውን አሳየቻት። ዘይት ስለጠጣ በደንብ ነደደ።

ሰኞ ዕለት ከከተማው ሱቅ ነጫጭ ሳህኖችና ብርጭቆዎች ታዘው መጡ። ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሁሉም ማሽን ይገባሉ። እስከዚያን ቀን ድረስ ሲቨርት የሚበላው በምን እንደሆነ በእጁ ያውቅ ነበር፤ ከሳህኑ ተነስቶ ምን ምግብ እንደቀረበ፣ ቀኑ እሑድ ይሁን ሥራ ቀን ያውቅ ነበር። አሁን የሚነካው ሁሉ ለስላሳና ቀዝቃዛ ሆነበት። ሳህኑ ከእጁ ሥር ይንሸራተታል። የብረት ማንኪያው ጥርሱን ሲነካው ፊቱን ያጨፈግጋል። ሥጋው እየተመጠጠ ሄደ።

"ብላ እንጂ" ትለዋለች።

"በልቻለሁ።"

"ይኼን ለድመት ብሰጠው ድመቷ ትታዘበኛለች።"

ድሮ ቢሆን መልስ ነበረው። አሁን ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞራል። ኅዳር ነው፤ መስኮቱም ግራጫ ነው።

ኦላውግ ከሁሉ አንድ ዕቃ ሰርቃ አስቀርታ ነበር፤ ከባዱን የብረት መጥበሻ። በምድጃው የዳቦ መጋገሪያ ሆድ ውስጥ ደብቃ፣ ረዳቶቹ ሲወጡ ለሲቨርት እንቁላል ትጠብስበታለች። በሁለት ክንዷ አቅፋ ነው የምታነሳው። ያ መጥበሻ ሳሙና ነክቶት አያውቅም፤ በጨው ይፈተጋል፣ በስብ ይታበሳል። ሩታ ታውቃለች፣ አይታ እንዳላየች ታልፋለች። ታኅሣሥ ላይ ግን ሩታን ወደ ሌላ መስመር መደቧትና በአንድ ሳምንት ውስጥ አምስት የተለያዩ ሰዎች መጡ። ከእነሱ አንዷ ምድጃውን ላጽዳ ብላ ከፈተች። መጥበሻውን ማሽን ውስጥ ጨመረችው፤ ቀና ልብ ያላት ልጅ ነበረች። በማግስቱ መጥበሻው ቀይ ዝገት ለብሶ ወጣ።

ኦላውግ ጨው በተነችበትና በመዳፏ ጀርባ ልትፈትገው ሞከረች። ዝገቱ አይደለም የለቀቀው፣ ቆዳዋ ነው። ጠረጴዛው ላይ ተወችው። የሚቀጥለው ረዳት ሲመጣ አየውና፣ "ይጣል?" አላት። ትከሻዋን ሰበቀች። ጣለው።

ሲቨርት በጥር መጨረሻ ለሁለተኛ ጊዜ ወደቀ። በዚህኛው ንግግሩም ተነካ፤ ቃላቱ ጭቃ እንደነካው ጫማ ከባድ ሆኑ። ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ቱሪድ መጣች። ከተማው ካለው የመጦሪያ ቤት ቦታ ተገኝቷል አለች። አንድ ቦታ።

"ለእርስዎም ጠይቄ ነበር" አለች። "ግን ራስዎን ችለዋል ተባለ።"

ኦላውግ እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻቸው። "ውሳኔ ሰጪዎቹ እነዚህን አይተዋል?"

"አይተዋል። ፎቶ ልኬያለሁ።"

"እና?"

"በየስድስት ወሩ እንደገና ይታያል ኦላውግ። ስምዎ ተይዟል።"

"ሰማንያ ዓመት አንድ ቤት ኖረናል እኮ" አለች ኦላውግ። ይህንን ያለችው ለመከራከር አልነበረም፤ እንዲሁ ነገሩ መባል ስላለበት ነው። ቱሪድ ዓይኗ እንባ አቀረረ። እንባው ምንም አልለወጠም።

ወደ ከተማው የሚሄደው አውቶቡስ ተማሪ በሚማርበት ቀን ብቻ ነው የሚሠራው፤ ባሕሩን የሚያሻግረውን ጀልባ ጨምሮ መንገዱ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ኦላውግ ማክሰኞና ዓርብ መሄድ ጀመረች። የመጀመሪያው ማክሰኞ ሲቨርትን ሲያበሉት ደረሰች። ማንኪያው ከንፈሩን ሲነካው ጥርሱን ገጥሞ ጭንቅላቱን ወደ ግራ ያዞራል። ተረኛዋ አስታማሚ ታገሰችው፣ ጠበቀች፣ እንደገና ሞከረች፣ ከዚያ ሰዓቷን አይታ ሳህኑን አነሳች።

ለዓርብ ኦላውግ አዲሱን ረዳት ለምና ከሰገነት አንድ የእንጨት ማንኪያ አስወረደች። በመሐረብ ጠቅልላ በቦርሳዋ ይዛ ሄደች። ተረኛዋ ማንኪያውን ተቀብላ አገላብጣ አየችው።

"በጣም ያምራል" አለች። "ራሱ ነው የሠራው? ግን እዚህ ሁሉም ነገር ትልቁ ማሽን ይገባል፣ በከባድ ሙቀት። እንጨት አይፈቀድልንም። በሽታ እንዳይተላለፍ ተብሎ ነው።"

"እኔ ወስጄ አጥቤ እመልሰዋለሁ።"

ተረኛዋ ሳታስበው ዓይኗ ወደ ኦላውግ ጣቶች ወረደ። ማንኪያውን መሐረቡ ላይ መልሳ አስቀመጠችው።

ኦላውግ የብረቱን ማንኪያ በሁለት እጇ መሃል አጣብቃ ያዘችና ራሷ ታበላው ጀመር። የገብስ ሾርባ ነው። ግማሹ አገጩ ላይ ፈሰሰ። እሷ እንደሆነች በጠረኗ ይሁን በትንፋሿ አወቀ፤ ለእሷ ሲል አምስት ማንኪያ ዋጠ፣ በየአንዳንዱ ፊቱ እየተጨፈገገ።

"ምን… በላሽ?" አላት።

"ዓሣ።"

"ብቻሽን?"

"ከማን ጋር ልብላ? ከቱሪድ ጋር?"

በደህናው በኩል ያለው የከንፈሩ ጫፍ ትንሽ ተነሳ። ሳቅ ይሁን ሌላ አልታወቃትም። ስድስተኛውን ስታቀርብለት አፉን ገጠመ፤ ዓይኑንም ከደነ። አፉን በፎጣ ጠረገችለት፤ አገጩ ላይ የቀረውን አየች፤ "የቱ ጋ?" የሚላት ስለሌለ ዝም ብላ ጠረገችው። አውቶቡሱ እንዳያመልጣት ካፖርቷን ደርባ ወጣች።

ቤት ስትደርስ ሰማዩ መጨለም ጀምሯል። ረዳቷ መጥታ ሄዳለች። ማሽኑ ውስጥ አንድ ሳህን፣ አንድ ብርጭቆ፣ አንድ ሹካ ከትታ ቁልፉን ተጭናለች፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። ማሽኑ ጨርሶ "ጢጥ ጢጥ" ይላል። በሩን ሰው ካልከፈተው ዝም አይልም። ኦላውግ ሁለቱን እጆቿን እጀታው ላይ አጠላልፋ ሳበች፤ አልከፈት አላት። እንደገና ሳበች። ከዚያ ካፖርቷን ሳታወልቅ ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና ጩኸቱን ታዳምጥ ጀመር። የሚቀጥለው ሰው የሚመጣው ነገ ጠዋት ነው።